የድረ ገጽ ማደሪያ ታሪክ፤ ከዋግ ዕቃ ቤት እስከ ዘመናችን ሰርቨር

የሰው ልጅ ሐሳቡን ከአንደበቱ አውጥቶ በጽሕፈት ማኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ አንድ ጥያቄ ከጽሕፈቱ ተለይቶ አያውቅም፤ ይኸውም «የተጻፈው ነገር የት ይደር? ማንስ ይጠብቀው?» የሚለው ነው። በድንጋይ የቀረጸ ሰው ጽሕፈቱን ድንጋዩ በቆመበት ስፍራ አሳደረው፤ በብራና የጻፈ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት አሳደረው፤ በወረቀት የጻፈም በመዝገብ ቤት አሳደረው። በዘመናችን በኢንተርኔት መንገድ ለዓለም ሁሉ የሚነበበው፣ ድረ ገጽ የሚባለው ጽሕፈትም ከዚሁ ጥያቄ ነፃ አልወጣም። ብዙ ሰው ድረ ገጽ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ፣ ወይም በሚያነብበት ስልክ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ ድረ ገጽ በአንድ አገር፣ በአንድ ቤት፣ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ በሚሠራ ኮምፒውተር ውስጥ ያድራል። ይህ ኮምፒውተር ሰርቨር ይባላል፤ ትርጓሜውም አገልጋይ ማለት ነው። ድረ ገጽን በዚያ ተቀብሎ የማኖሩም ሥራ ሆስቲንግ ይባላል፤ ይህም እንግዳ ማሳደር ማለት ነው።

እንግዳ ማሳደር ለኢትዮጵያ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። መንገደኛው በመሸበት ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ» ሲል ባለቤቱ ዘሩንና አገሩን ሳይመረምር ማሳደሩ የታወቀ ልማዳችን ነው። የድረ ገጽ አሳዳሪ ግን የሚቀበለው በውልና በኪራይ ነው። ኪራዩ በጊዜው ካልተከፈለ እንግዳው ከነዕቃው ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ ዕቃውን የሚያቆይለት አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ ለመሥሪያ ቤታቸው፣ ለትምህርት ቤታቸው ወይም ለማኅበራቸው ድረ ገጽ ለማቆም የሚያስቡ ሁሉ፣ ይልቁንም እንደ ሰቆጣ ባለ ከዋና ከተማ በራቀ አገር የሚኖሩ፣ የዚህን ማደሪያ ታሪክና ሥርዐት አስቀድመው ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። ታሪኩ የሚያስተምረው ዋና ነገር አንድ ነው። የድረ ገጽ ስም፣ የሚያድርበት ቤትና በውስጡ ያለው ዕቃ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከሦስቱ ስሙንና የዕቃውን ቅጂ በእጁ ያልያዘ ሰው ባለቤት ሊባል አይችልም።

ይህ ሐሳብ በዋግ ምድር እንግዳ እንዳልሆነ ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተመሠረተች፣ የዋግ ኽምራ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ዋግ የዛጔ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1270 ካለፈ በኋላ ከዚያው ዘር እንደሚወለዱ በሚነገርላቸው በዋግሹሞች ሲተዳደር የኖረ አገር ነው። ከእነርሱም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1871 መንገሣቸው የታወቀ ነው። ሰቆጣ ደግሞ ከአፋር ምድር በግመልና በአጋሰስ ተጭኖ የሚወጣው አሞሌ ጨው ከሚራገፍባቸው ከታወቁት ገበያዎች አንዷ ነበረች። አሞሌውን በሰው ቤት የሚያሳድር ነጋዴ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ነበረበት፤ ዕቃው የማን እንደ ሆነ፣ ያደረበት ቤት የማን እንደ ሆነ፣ ቤቱም በማን ስም ተጠይቆ እንደሚገኝ። እነዚህን ሦስቱን ያደባለቀ ነጋዴ ትርፉን ብቻ ሳይሆን ዋናውንም ያጣል።

የመጻሕፍቱም ሥርዐት ከዚህ የተለየ አይደለም። ከሰቆጣ አጠገብ ከአለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዋግሹሞች አስከሬን ያረፈበት ስፍራ ነው። እንዲህ ባሉት የቆዩ አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት የሚጠበቁት በዕቃ ቤት ነው። የኢትዮጵያ የብራና መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ማን እንዳስጻፈው፣ ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደ ተሰጠ በራሱ ገጽ ላይ ተጽፎበት ይገኛል፤ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ስሙን የፋቀ ሰው የተወገዘ እንዲሆን የሚያዝዝ ቃልም አብሮ ይጻፍበታል። እነዚያ አባቶች ቃሉ አንድ ነገር፣ የባለቤቱ ስም አንድ ነገር፣ ዕቃ ቤቱም ሌላ ነገር መሆኑን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ዕቃ ቤቱ ቢፈርስ መጽሐፉ ወደ ሌላ ዕቃ ቤት ይዛወራል፤ ስሙ ከተፋቀ ግን መጽሐፉ የማን እንደ ሆነ የሚመሰክር አይኖርም።

አሁን ወደ ድረ ገጹ ታሪክ እንለፍ። ቲም በርነርስ ሊ የሚባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በጄኔቭ ከተማ አጠገብ ባለው፣ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሲሠራ፣ ተመራማሪዎች ጽሑፎቻቸውን እርስ በርሳቸው የሚነባበቡበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በማርች 1989 ለአለቆቹ በጽሑፍ አቀረበ። በ1990 መጨረሻ የመጀመሪያው ድረ ገጽ በእርሱ ቢሮ ባለ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀመጠ። በዚያ ኮምፒውተር ላይ ማንም እንዳያጠፋው በቀይ ቀለም የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ነበር። በጊዜው ያ ኮምፒውተር ቢጠፋ ድረ ገጽ የሚባለው ነገር ከዓለም ላይ ለጊዜው ይጠፋ ነበርና ማስጠንቀቂያው ቀልድ አልነበረም። ሰርን ይህን ዘዴ ማንም ሰው ያለ ዋጋ እንዲሠራበት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ከፈቀደ በኋላ የድረ ገጾች ቁጥር በየወሩ እየጨመረ ሄደ።

ከዚያች ቀይ ጽሕፈት የማሳደርን ሥራ ፍሬ ነገር መረዳት ይቻላል። አሳዳሪው የሚሸጠው ዋና ነገር አለመጥፋት ነው። ኮምፒውተሩ እንዳይጠፋ ያልተቋረጠ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ኃይሉ ሲቋረጥ የሚተካ ጄኔሬተርና ባትሪ፣ ሙቀቱን የሚያበርድ አየር፣ ወደ ውጭ የሚወስድ ሰፊ መስመር፣ እንዲሁም ሌባና እሳት የሚጠብቅ ዘበኛ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ለአንድ ድረ ገጽ ቢያሰናዳው ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል። ስለዚህ አንዱ ትልቅ ቤት ሠርቶ ለብዙዎች ማከራየቱ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ የመረጃ ማእከል የሚባለው ይህ ቤት ነው።

ቤቱ ከተገኘ በኋላ የሚፈለገው ስሙ ነው። በኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ የሚታወቀው በቁጥር ነው፤ ነገር ግን ሰው ይህን ረጅም ቁጥር በቃሉ ለመያዝ ይቸግረዋል። ፖል ሞካፔትሪስ የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 የቁጥሩን ቦታ የሚይዝ የስም ሥርዐት አወጣ። አንባቢው ስሙን ሲጽፍ የስም መዝገብ ያላቸው ኮምፒውተሮች ስሙን ወደ ቁጥር ለውጠው ወደ ቤቱ ይመሩታል። በዚህ ሥርዐት ለየአገሩ ሁለት ሁለት ፊደል ያለው መጠሪያ ተመደበ፤ ለኢትዮጵያም «ነጥብ ኢቲ» የሚባለው መጠሪያ በጥቅምት 1988 ዓ.ም. ተሰጠ። ከእርሱም ሥር ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «ጎቭ»፣ ለትምህርት ቤቶች «ኢዱ»፣ ለንግድ ድርጅቶች «ኮም» የሚሉ ክፍሎች ተበጁለት። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ስሙ ቤቱን የሚያመለክት እንጂ ራሱ ቤት አይደለም። ባለቤቱ ቤቱን ቢለውጥ በመዝገቡ ላይ ቁጥሩን ብቻ አስለውጦ በዚያው ስም ይጠራል፤ አንባቢውም ቤቱ መለወጡን አያውቅም። ስሙ ከእጁ ከወጣ ግን ቤቱ ምንም ያህል የተዋበ ቢሆን ወደ እርሱ የሚመጣ እንግዳ የለም።

በአገራችን የርቀት መገናኛ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 ተጀመረ። ከዚያ ወደ ኢንተርኔት ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል፣ ደብዳቤዎችን በኮምፒውተር አጠራቅሞ በተራው የስልክ መስመር ወደ ውጭ አገር የሚልክበት አገልግሎት ነበረው። ደብዳቤው እንደ ፖስታ ከረጢት ተጠራቅሞ በተወሰነ ሰዓት ይላክ ነበር እንጂ ዛሬ እንደምናየው በቅጽበት አይደርስም ነበር። በጥር 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔትን አገልግሎት ለሕዝብ ከፈተ፤ ወደ ውጭ የሚወስደውም መንገድ በሳተላይት በኩል ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ስለ ኢትዮጵያ የሚናገሩት ድረ ገጾች አብዛኞቹ ያድሩ የነበረው በኢትዮጵያ ምድር አልነበረም፤ ማደሪያቸው በአሜሪካና በአውሮፓ ነበር። ለዚህም ምክንያቱ ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ የሚወስደው መስመር ጠባብና ውድ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ይቋረጥ ነበር፤ አሳዳሪ ድርጅትም አልበዛም ነበር። ከዚህም በቀር የመጀመሪያዎቹን ድረ ገጾች ካዘጋጁት ብዙዎቹ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ነገሩ በጊዜው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ችግሮችን አስከተለ። አንደኛው፣ በሰቆጣ ያለ መምህር በአዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት ያወጣውን ጽሑፍ ለማንበብ ሲፈልግ፣ ጥያቄው ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ደርሶ መመለስ ግድ ሆነበት። ሁለተኛው፣ ኪራዩ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ስለ ሆነ የክፍያው ቀን ሲደርስ ገንዘቡን ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፤ በዚህ ምክንያት ሥራው በውጭ አገር ዘመድ ወይም ወዳጅ ላላቸው ግለሰቦች ተተወ።

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት መንግሥት ወረዳ ኔት በተባለው ሥራ ከ500 የሚበልጡ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በሳተላይት ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋራ አገናኘ፤ ሹማምንትም በየወረዳቸው ተቀምጠው ፊት ለፊት እንደሚተያዩ ሆነው ለመሰብሰብ ቻሉ። ተራራና ሸለቆ ለሚለያየው አገር ይህ ታላቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ መንገድና ማደሪያ የተለያዩ ናቸው። ወረዳ ኔት ጽሕፈት ቤቶቹን ያገናኘ መንገድ ነበር፤ መንገዱ ስለ ተዘረጋ ብቻ የወረዳው ጽሑፍ ለዓለም የሚነበብበት ማደሪያ አገኘ ማለት አይደለም። ዛሬም «ኢንተርኔት አለን» የሚል መሥሪያ ቤት ሁሉ «ድረ ገጽ አለን» ለማለት አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ በኢትዮ ቴሌኮም ተተካ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት ዐዋጅ ቁጥር 1148 ዘርፉን ለሌሎችም ከፈተ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ጀመረ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም ዊንጉና ራክሲዮ የተባሉት የግል ድርጅቶች በአዲስ አበባው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፓርክ የመረጃ ማእከሎችን አቁመዋል። ስለዚህ ዛሬ ባለ ድረ ገጽ ጽሑፉን በአገሩ ምድር ለማሳደር ወይም በውጭ አገር ለማሳደር ምርጫ አለው። አንባቢዎቹ በኢትዮጵያ ከሆኑ በቅርብ ያለ ቤት ጥያቄያቸውን ቶሎ ይመልሳል፤ ኪራዩም በብር ሊከፈል ይችላል። አንባቢዎቹ በመላው ዓለም የተበተኑ ከሆኑ በውጭ ያለ ቤት ሊያመቸው ይችላል። ምርጫው የሚመዘነው «አንባቢዬ ማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ነው።

የማደሪያውም ዓይነት እንደ ኪራይ ቤት ዓይነት ልዩ ልዩ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ድረ ገጾች በጋራ የሚያድሩበት ነው። ይህም በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ ሆኖ በአንድ ቧንቧ መቅዳት ነው፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ጎረቤት ድግስ ባወጣ ቀን ለሌላው ውሃ ያንሰዋል። ሁለተኛው አንዱን ኮምፒውተር በዘዴ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የተወሰነ ኃይል የሚሰጥበት ነው፤ ይህም በአንድ ግቢ ውስጥ የየራሱ በርና ቆጣሪ ያለው ክፍል እንደ መከራየት ነው። ሦስተኛው ሙሉውን ኮምፒውተር ለብቻ መከራየት ነው፤ ግቢውን በሙሉ የያዘ ሰው ነፃነቱ ብዙ ነው፤ ጥገናውም የእርሱ ዕዳ ነው። አራተኛው ክላውድ፣ ማለት ደመና የሚባለው ነው። ስሙ ቢያሳስትም ይህ ደመና በምድር ላይ ባሉ ብዙ ኮምፒውተሮች የተሠራ ነው፤ ተከራዩ እንደ ፍላጎቱ ሰፋ ወይም ጠበብ እያደረገ በተጠቀመበት መጠን ይከፍላል። ስለ ሥራው ለሕዝብ የሚያስታውቅ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ወይም የአበርገሌን ፍየልና የዋግን ማር ለገዢ የሚያስተዋውቅ ማኅበር በመጀመሪያው ዓይነት ቢጀምር ይበቃዋል። አንባቢው ሲበዛ ወደ ሰፊው ቤት መዛወር ይችላልና በመጀመሪያው ቀን ግቢ ሙሉ መከራየት ገንዘብ ማባከን ነው።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ስምና ስለ ቤት ነው። ሦስተኛው፣ ማለት ዕቃው ምን ያህል ጥበቃ እንደሚያስፈልገው ከደረሱት ጥፋቶች መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው ጂኦሲቲስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሰዎችን ያለ ኪራይ ያሳድር ነበር፤ ሚሊዮኖችም ገጻቸውን በዚያ አኖሩ። ኋላ ድርጅቱን የገዛው ያሁ በጥቅምት 2009 ከጃፓን በቀር ዘጋው። ነገሩን አስቀድሞ ሰምቶ ቅጂ ያልያዘ ሰው ሁሉ የጻፈው ጠፋበት፤ ከፊሉንም የተረፉት ኢንተርኔት አርካይቭን የመሳሰሉ የመዝገብ ድርጅቶች ስለ ቀዱት ነው። ያለ ዋጋ የተሰጠ ማደሪያ ያለ ማስገደድ ሊዘጋም ይችላል ማለት ነው። በማርች 10 ቀን 2021 ደግሞ በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች ክላውድ የተባለው ታላቅ አሳዳሪ ድርጅት ካሉት ቤቶች አንዱ በእሳት ነደደ፤ ሚሊዮኖች ድረ ገጾችም ከሥራ ውጭ ሆኑ። ቅጂያቸውን በሌላ ከተማ ያኖሩት ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ቅጂያቸው ከዋናው ጋራ በዚያው ስፍራ የነበረባቸው ግን ሁለቱንም በአንድ ሌሊት አጡ።

ለእኛ ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የዋግ የራሱ ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ በገባ ጊዜ በትምህርት ቤቶች፣ በጤና ጣቢያዎችና በመሥሪያ ቤቶች ላይ ጉዳት ደርሷል፤ የኤሌክትሪክና የስልክ አገልግሎትም ተቋርጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ሰነድ ከክፍሉ ጋራ አብሮ ይጠፋል። የተማሪ የፈተና ውጤት፣ የወላዶችና የሕፃናት የጤና መዝገብ፣ የገበሬው የመሬት ማስረጃ በሌላ ስፍራ ቅጂ ከሌለው፣ ሰላም ከተመለሰ በኋላም ሰውዬው መብቱን በምስክር ለማስረዳት ይገደዳል። በሌላ ከተማ ያደረ ቅጂ ግን የሰቆጣ መስመር ቢቆረጥም በስፍራው አለ፤ መስመሩ ሲቀጠል እንደ ገና ይገኛል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜም የታየው ይኸው ነው። ድረ ገጾቹ በማደሪያቸው ነበሩ፤ የተዘጋው ወደ እነርሱ የሚወስደው መንገድ ነበር። ስለዚህ ባለቤቱ ቅጂውን በሁለት ስፍራ ማኖር አለበት፤ አንዱን መንገድ ሲዘጋ በእጁ እንዲገኝ በሰቆጣ፣ ሁለተኛውን በሰቆጣ ጥፋት ቢደርስ እንዲተርፍ በሩቅ።

ይህ ብልሃት ከድረ ገጽ በፊትም ለእኛ ጠቅሟል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ በሺሕ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ፊልሙ በአዲስ አበባ እንዲቀመጥ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ባለ ገዳም ቤተ መጻሕፍት እንዲጠበቅ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ዋናው ብራና ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅም ቃሉ ከዓለም አይጠፋም። መጽሐፉ በዕቃ ቤቱ፣ ስሙ በመጽሐፉ ላይ፣ ቅጂውም በሩቅ አገር ሲሆን ሦስቱም ተሟሉ ማለት ነው።

በዋግ ምድር ይህ ጥንቃቄ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚያስፈልግበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የኽምራ ሕዝብ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነውን ኽምጣና ይናገራል፤ በፊደላችንም እየተጻፈ በትምህርት ቤት ይሰጣል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒውተር ፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በ2005ም የኽምጣና ዘመድ የሆነው ብሌን የሚጻፍባቸው ሆሄያት ተጨመሩበት። ከዚያ በፊት አንዱ በአንድ ዓይነት መሣሪያ የጻፈው አማርኛ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ዛሬ ይህ መሰናክል ስለ ተወገደ አንድ መምህር የኽምጣናን ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና መዝገበ ቃላት ሰብስቦ በድረ ገጽ ሊያኖር ይችላል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ገጽ ቢጠፋ ምትኩ በሌላ ስፍራ ይገኛል፤ በኽምጣና የተጻፈ ገጽ ሲጠፋ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ያለው አንዱ ነው። አዛውንቱ የነገሩት ቃል ከአዛውንቱ ጋራ ካለፈ፣ የተጻፈበትም ገጽ ኪራዩ ስላልተከፈለ ከተደመሰሰ፣ ሁለተኛ የሚጠየቅ የለም።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣውን ምክር ባጭሩ እንናገር። በመጀመሪያ ስሙ በመሥሪያ ቤቱ ወይም በማኅበሩ ስም ይመዝገብ እንጂ ሥራውን በያዘው ሠራተኛ ወይም በባለሙያው ስም አይመዝገብ። ሠራተኛው ሲዛወር ወይም ሲያርፍ መክፈቻ ቃሉ ከእርሱ ጋራ ይሄዳልና። መክፈቻ ቃሉም እንደ ገንዘብ ቤት ቁልፍ በርክክብ ሰነድ ይተላለፍ። ሁለተኛ፣ የስሙና የቤቱ ኪራይ የሚያልቅበት ቀን በመሥሪያ ቤቱ የቀን መቍጠሪያ ላይ ተጽፎ ክፍያው በዓመታዊው በጀት ይያዝ፤ ጊዜው ያለፈበትን ስም ሌላ ሰው ገዝቶ የፈለገውን ሊጽፍበት ይችላል። ሦስተኛ፣ ስምና ቤት ከአንድ ሻጭ ቢገዙም ስሙን ወደ ሌላ ለማዛወር መብት እንዳለ ውሉ ሳይፈረም ይረጋገጥ። አራተኛ፣ አሳዳሪው ቅጂ እወስዳለሁ ቢልም ባለቤቱ የራሱን ቅጂ በየጊዜው ይውሰድ፤ ቅጂውም ተከፍቶ የሚነበብ መሆኑ ይፈተን፤ ያልተፈተነ ቅጂ እንዳለ አይቈጠርም። አምስተኛ፣ በአንባቢውና በድረ ገጹ መካከል የሚተላለፈውን ቃል የሚያሽገው ማኅተም ይደረግበት፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ይህን ማኅተም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያለ ዋጋ ስለሚሰጥ ገንዘብ የለንም የሚያሰኝ አይደለም። ስድስተኛ፣ የሰውን ስም፣ የጤናውን ወይም የኑሮውን ነገር በድረ ገጹ የሚሰበስብ ሁሉ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 አንብቦ ይነሣ። የሌላውን ሰው ዕቃ በአደራ የተቀበለ ሰው ኃላፊነቱ ከራሱ ዕቃ ይከብዳል።

እነዚህ ነገሮች ከፍ ያለ የቴክኒክ ዕውቀት የሚጠይቁ አይደሉም። አንድ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ዘወትር የሚሠራው ሥራ ነው፤ ማን እንደ ተረከበ መጻፍ፣ ቀኑን መጠበቅ፣ ቅጂ መያዝ፣ ቁልፍ ማስረከብ። ኮምፒውተሩን የሚያውቅ ወጣት በሰቆጣም ሆነ በአምደ ወርቅ አይታጣም። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሥራውን የመሥሪያ ቤቱ አደራ አድርጎ የሚመለከተው አለቃ ነው። ድረ ገጽ በምረቃ ቀን በጭብጨባ ተከፍቶ በዓመቱ ስሙ እንኳ የማይገኝ የሚሆነው ዕውቀት ጠፍቶ ሳይሆን ባለቤት ጠፍቶ ነው።

ስለዚህ በዋግ ኽምራ ያላችሁ የመሥሪያ ቤት ሹማምንት፣ መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፣ ድረ ገጽ ለማቆም ስታስቡ ከጌጡና ከሥዕሉ በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፤ ስሙ በማን ተመዘገበ? ቤቱ የት ነው፣ ኪራዩስ መቼ ያልቃል? ቅጂው በማን እጅ ነው? አባቶቻችን ብዙውን ጊዜ በብራናው ላይ የባለቤቱን ስም ጽፈው መጽሐፉን ለዕቃ ቤት ያስረክቡ ነበር። ልጆቻቸውም የኽምጣናን ቃልና የአገራቸውን መዝገብ በባዕድ ቤት ሲያሳድሩ ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ሊያደርጉ አይገባም።